ጠዋት አራት ሰዓት

ባላራት ሮድ ላይ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል፤ ዝናቡ አላባራም፤ ባሌ ዶክተር ልዑልሰገድ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ባቢሎን ያስተምረኛል። ሲፈራ ያስተምራል። ሌላው ሰው ሲፈራ ይጸልያል፣ ጥፍሩን ይበላል፤ የእኔው ጉድ ነገሥታት ይቆጥራል።

«አየሽ ተረፈች፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል መጀመሪያ ንጉሥ የሚባል ነገር አልነበረም» ይላል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ።

«አነሱ?»

«ይጠራል።»

«እስኪ ነስሪን ጋ ሞክር።»

«እሷም አታነሳም። ንጉሥ አልነበረም፤ ገበሬው ራሱ ነበር ወንዙን…»

«ልዑልሰገድ፣ በጌታ ስም ዝም በል!» አልኩት። ዝም አለ። ከፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ፈቀቅ ሲል ግን ካቆመበት ቀጠለ።

ስልክ የማያነሱት ታላቅ እህቱ እትዬ በለጥሻቸው ናቸው። ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር፣ ከመንግሥት በተከራዩት ባለ አንድ መኝታ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንዙ ሲያብጥ ሰንብቶ ስለነበር፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት ከጎረቤታቸው ከነስሪን ጋር በእሷ መኪና ወጥተው እኛ ዘንድ ሰንሻይን ዌስት እንዲመጡ ተነጋግረን ነበር የተኛነው። ሊነጋጋ ሲል ተነሥተን ቴሌቪዥን ብንከፍት መንገዳቸው ወንዝ ሆኗል፤ የሰው መኪና እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። እሳቸው ግን እኛ ቤት አልመጡም።

ለባሌ እህት ብቻ አይደሉም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት ያልጣለ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሱዳን ተሰድደው፣ ካርቱም የሰው ቤት ሠርተው፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ከገቡ በኋላ እሱን ያስመጡት እሳቸው። ፊትዝሮይ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ እየኖሩ፣ እሱ እንዲያጠና ብለው ራሳቸው ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር አሉ። አላገቡም፣ አልወለዱም። «ልዑሌ ይበቃኛል» ነው የሚሉት። ልዑሌም አላሳፈራቸውም፤ በጥንት መንግሥታት ታሪክ ዶክተር ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ሲገባ ተነሥቶ የሚቀበለው ሰው ሆነ።

መኪና ውስጥ የሚለፈልፍልኝን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሻችን የሚያስተምረው ነው፤ «የወንዝ ዳር ነገሥታት» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ነገሩ በእሱ አነጋገር እንዲህ ነው። ድሮ፣ ከነገሥታት በፊት፣ የኤፍራጥስና የጤግሮስ ገበሬ ወንዙን የሚጠብቀው ራሱ ነበር። ሸምበቆ ጭቃው ላይ ይተክላል፤ ጠዋት ወጥቶ ያያል፤ ውሃው ሸምበቆውን መዋጥ ከጀመረ ልጆቹንና ፍየሎቹን ይዞ ጉብታው ላይ ይወጣል። ታች ግብፅም እንደዚያው። ንጉሥ የለ፣ ግብር የለ፣ አዛዥ የለ።

ከዚያ የቤተ መቅደስ ሰዎች መጡ። ራሳቸውን የተላጩ፣ ነጭ በፍታ የለበሱ፣ ጨረቃና ኮከብ የሚቆጥሩ ሰዎች። «እናንተ አርፋችሁ እረሱ፤ ወንዙ የሚሞላበትን ቀን እኛ እንነግራችኋለን» አሉ። ውሸታቸውን አልነበረም፤ ቀኑን ተናገሩ፣ ቀኑ ደረሰ፣ ውሃውም መጣ። ሰዉ ተገርሞ ገብሱን ወደ ጎተራቸው አስገባ። ቀጥሎ ቦይ ይቆፈር አሉ፤ ልጁን ላከ። ቀጥሎ ግንብ ይሠራ አሉ፤ ራሱ ሄደ። የልጅ ልጆቹ ዘመን ላይ ሸምበቆ መትከል የሚያውቅ ጠፋ። ሁሉም ዓይኑን ከወንዙ ላይ አንሥቶ የቤተ መቅደሱን በር ያይ ጀመር። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ያን ጊዜ ዘውድ ጫነ፤ ከዚያማ ወንዙን ተከትሎ አንዱን ከተማ ዋጠ፣ ሌላውን ዋጠ፣ ከባሕር እስከ ባሕር ገዛ።

«ጦር በኋላ የመጣ ነው» ይላል ባሌ ጣቱን ቀስሮ፤ «መጀመሪያ የያዙት ሰዓቱን ነው!» አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። አንድ ቅዳሜ እትዬ በለጥሻቸው ከፊት ወንበር እጃቸውን አውጥተው «ልዑሌ፣ የቤተ መቅደሱ ሰዎች ቀኑን የሳቱ ጊዜስ? ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና «እህቴ እንደ ልማዷ ፈተና አወጣችልኝ» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ከዚህ ትምህርት የወጣ አንድ ሕግ አለን። ያሸነፈ ንጉሥ ከተማ ሲይዝ መጀመሪያ የሚሽረው የወሩን ስም ነው ይላል ባሌ፤ ስለዚህ እኛ ሰዓታችንን ለማንም አናስረክብም። የጥንት ግብፆች ቀናቸው ከንጋት ይጀምር ነበር፣ የእኛም ከንጋት ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ «ቀኑ ተለወጠ» የሚለው ፈረንጅ ነው። በእንግሊዝኛ ስትናገሩ እንደወደዳችሁ፤ በአማርኛ የተነገረ ሰዓት ግን የእኛው ነው። አብራን የምታመልከው የሎሚ ልጅ፣ እንደዚህ የምታክል ፍሬ፣ «ከትምህርት ቤት የምወጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው» ስላለች አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አስቁሞ «ዘጠኝ ተኩል በይ!» ብሎ አስለቀሳት። የእትዬን የግድግዳ ሰዓት ወንበር ላይ ወጥቶ በእኛ አቆጣጠር የሞላው እሱ ነው። እሳቸውማ ኮሩበት፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ልዑሌ ያስተካከለልኝ» ይላሉ።

ባላራት ሮድ ላይ ይሄ ሁሉ በሐሳቤ መጣ። መሪውን እንደያዝኩ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ማታ ስልክህ ላይ የገባው ማስጠንቀቂያ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?» አልኩት።

«አራት ሰዓት። ስነግራት አጠገቤ አልነበርሽም እንዴ?»

ነበርኩ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። «ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ውሃው ይደርሳል ብለዋል፤ ከዚያ በፊት ከነስሪን ጋር ውጪ፣ እሺ እህቴ» አላቸው። «እሺ ልዑሌ፣ ጌታ ይባርክህ» ሲሉት ድምፃቸው ለእኔም ተሰማኝ።

«መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው አይደል? ኤኤም ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ኤኤም…» አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነዋ! አሥር ነበር ማለት የነበረብህ! እሳቸው ረፋድ ነው ብለው ተኝተዋል እኮ!»

«ዝም ብለሽ ንጂ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ንጉሥ አልቆጠረም።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ አላሳልፍ አለን። ነስሪን መኪናዋ ውስጥ ልጆቿን ብርድ ልብስ ጠቅልላ አገኘናት። ሐረር ተወልዳ ያደገች፣ እትዬን እንደ እናቷ የምታይ ልጅ ናት። እኛን ስታይ ዘልላ ወረደች።

«አንኳኳሁ እኮ! ወላሂ አንኳኳሁ!» አለችና አለቀሰች። «በመስኮት ብቅ ብለው ‹ወንድሜ አራት ሰዓት ብሎኛል፣ ገና ነው፣ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ሲነጋ ሰው ይወስደኛል› አሉኝ። ‹እትዬ፣ ውሃው ደጅ ደርሷል› ብላቸው ‹ልዑሌ አይሳሳትም› አሉ። ልጆቹ ደግሞ ይጮኻሉ… ምን ላድርግ?»

ባሌ ፊቱን አዞረ። እኔ ነስሪንን አቀፍኳት። ምንም አላደረግሽም እኮ፣ እህቴ፤ አንቺማ አንኳክተሻል።

ጀልባው እትዬን ይዞ ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ነግቶ ነበር። ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቆመው፣ ውሃው ወገባቸው ደርሶ፣ እየዘመሩ ነው ያገኘናቸው አሉን የጀልባው ሰዎች። ብርማ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ባሌን ሲያዩ ጮኹ። «ልዑሌ! ገና እኮ ነው! ገና አራት አልሞላም!»

ከጀልባው ሰዎች አንዱ፣ ቀይ ፂም ያለው ወጣት፣ ምን እንዳሉ ጠየቀ። ባሌ እያለቀሰ ነበር፤ እውነተኛ ልቅሶ፣ አልዋሽበትም። እንባውን ጠርጎ በእንግሊዝኛ «ትንሽ ተምታቶባታል» አለው። እኔ በድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ከሆስፒታል ወጥተው እኛ ቤት ገቡ። በመጀመሪያው እሑድ ፓስተር ኃይለአብ ምስክርነት እንዲሰጥ ባሌን ወደ መድረክ ጠራው። «ዶክተር፣ እንዲያው ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም?» ብሎ ማይኩን ሰጠው። ባሌ ማይኩን ይዞ ሕዝቡን አየ። አንድ ቃል ብቻ ነበረች፤ «ተሳሳትኩ» ማለት። አዳራሹ ውስጥ የሚያስተምራቸው ሁሉ ተቀምጠዋል፣ ያስለቀሳት የሎሚ ልጅም አለች።

«ነግሬያት ነበር» አለ። «አልሰማ አለችኝ። እንግዲህ ዕድሜም አለ። ጌታ ግን በምሕረቱ አተረፋት።»

«ሃሌሉያ!» አለ ሕዝቡ። እትዬ በለጥሻቸው እኔ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ለአሜን አንሥተው ነበር። አልዘረጉትም፤ አወረዱት።

ማታ እራት ላይ ያቀረብኩላቸውን ሳይነኩ «ልዑሌ» አሉት። «አራት አላልከኝም?»

«አልኩሽ። አራት አልኩ፣ አራት ላይ መጣ። ምኑን ዋሸሁ?»

«የማን አራት?»

ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሥቶ ሄደ። መኝታ ቤት ተከትዬው ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «ንገራቸው» አልኩት። «ለፓስተሩ ደውል። ተሳስቼ ነው በል። ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ ቀን ላፍርሰው?» አለኝ። «የሰዓቱ ሰውዬ በሰዓት ተሳስቶ እህቱን ሊያሰምጥ ነበር እንዲሉኝ? ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?»

«እሳቸው ይሰሙሃል! ሲሰሙህ አይደል የሰመጡት?»

ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የተማረ ሰውስ ምን ይባላል?

ነገሩ በዚያው ቢቀር እንኳን አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ተኮራርፎ መኖር ለማን ብርቅ ነው። ግን የእትዬ ቤት እየታደሰ ነው። እርጥቡን ግድግዳ ነቅለው እየሠሩት ነው፤ ሲያልቅ መመለስ ይፈልጋሉ። «የሰው ቤት ሞቆኝ አያውቅም፤ የራሴን በር ልክፈት» ይላሉ። የአረጋውያንን ጉዳይ የሚያዩት የመንግሥት ሰዎች ደግሞ «ማስጠንቀቂያ ሰምታ አልወጣችም» የሚለውን ወሬ ሰምተዋል፤ ከሆስፒታሉ ይሁን ከቤተ ክርስቲያን አላወቅሁም። ስለዚህ አንዲት ሴት መጥታ ታነጋግራቸዋለች፤ ብቻቸውን መኖር ይችላሉ ካለች ወደ ቤታቸው፣ አይችሉም ካለች ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ። እኔ አስተርጓሚ ቡክ እናድርግ ብዬ ነበር። ባሌ «እኔ እያለሁ ምን ሲደረግ!» አለ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሴትየዋ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ ማስክ አድርጋለች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ሰው የምታናግር። በእሷ አልፈርድም። እትዬ ለእሷ ብለው አጊጠዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ለገበያና ለሐኪም የሚሆናቸውን ያህል ያውቃሉ፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ግን አልደፈሩትም።

ሴትየዋ ትጠይቃለች፣ ባሌ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ስማቸውን ተናገሩ። የተወለዱበትን አገር ተናገሩ። ወደ ኋላ ቁጠሩ ሲባሉ ቆጠሩ፣ አንዲት አልሳቱም። ልቤ ትንሽ ረጋ አለች።

«ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው ትልሻለች» አለ ባሌ።

እትዬ ትክ ብለው አዩት። በአማርኛ ነው የጠየቃቸው። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው።

«ሁለት ሺህ አሥራ አምስት» አሉ።

ባሌ ቁጥሩን እንዳለ በእንግሊዝኛ አቀበላት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ጻፈች። ቀኑን ጠየቀች፤ እትዬ ኅዳርን በእኛው ቆጥረው ተናገሩ፤ ባሌ ቁጥሩን አቀበለ፤ ሴትየዋ ጻፈች።

«አሁንስ በግምት ስንት ሰዓት ነው?»

መስኮቱን አዩ። ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ግቢውን ሞልታለች። «አራት ሰዓት» አሉ።

ባሌ ጉሮሮውን ጠርጎ በእንግሊዝኛ «ፎር ኦክሎክ» አላት። የሴትየዋ የእጅ ሰዓት አሥር ነው የሚለው።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ይቅርታ!» አልኩ ከወንበሬ ተነሥቼ። በዚያ ግማሽ ጎኑ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። የእኛ ዓመት ከእናንተ ወደ ኋላ ነው፤ የእኛ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ አሥር ማለት በእኛ አራት ነው፤ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ የጎርፉም ዕለት ያሳሳታቸው ይኸው ነው አልኳት። ሴትየዋ ጽሑፏን አቁማ ሰማችኝ። ዓይኗ በራ። የምትጽፍበትንም ልትሰርዝ ብዕሯን አስጠጋች።

ደግሞ ልጅቷ ጠንቃቃ ናትና ወደ ባሌ ዞረች። «እንዲህ ነው፣ ዶክተር? የታሪክ ምሁር ነዎት አይደል?»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ስለ ሰዓት በየመድረኩ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው፣ መኪና ውስጥ ዝም በል ሲባል እንኳ ዝም የማይል ሰው። ከግብፅ ቢጀምር፣ ከባቢሎን ቢጀምር፣ ከፈለገው ቢጀምር ያን ቀን አላቋርጠውም ነበር። እኔን አየኝ። እህቱን ግን አላያቸውም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«እንደዚያ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ» አለ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛው። «እሷ ግን ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖራለች። የአገሩን ሰዓት ታውቃለች።»

እትዬ በለጥሻቸው ያቺን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። አንገታቸውን መለስ አድርገው እኔን አዩኝ፤ የሰሙት እውነት መሆኑን ከፊቴ አነበቡ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ።

ሴትየዋ ሁኔታቸውን አይታ አዘነች መሰለኝ። ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ፣ በጣቷ ባሌን እያሳየች፣ በሚገባቸው ቀላል እንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። «እኚህ ሰውዬ ለእርስዎ ማን ናቸው?»

እትዬ ባሌን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ጡት ሳይጥል የተቀበሉትን፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ያስተማሩትን፣ አንድም ቀን ከ«ልዑሌ» ሌላ ጠርተውት የማያውቁትን።

«አላውቃቸውም» አሉ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ አጥርተው። «እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም።»

ሴትየዋ እኔን አየችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ ልመልስላት? ያ «ቸው» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? እኔ ቃል ስፈልግ ባሌ ቀደመኝ።

«አላወቀችኝም» አላት።

ልጅቷ በሐዘኔታ ትከሻውን ዳበስ አደረገችውና ጻፈች።